አደራና ዋጋ፦ ከቡሬ ምሽግ እስከ ቅርሳ ቅርስ ሱቅ

ቡሬ፣ ማንኩሳ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ጅጋና ደምበጫ ከባሕር ዳር በእንጅባራ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተከታተሉ የምዕራብ ጎጃም ከተሞች ናቸው። በ1933 ዓ.ም. በየካቲትና በመጋቢት የጣሊያን ጦር ሲያፈገፍግ፣ አርበኛውና ከሱዳን የመጣው ጦር ሲከተለው ያለፉት በዚሁ መስመር ነው። ጦርነት የሰው ሕይወት ብቻ አያጠፋም፤ ዕቃም ከቦታው ያፈናቅላል። ጠመንጃ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፣ ብር ይበተናል፣ መስቀልና ብራና ከዕቃ ቤት ወጥቶ ዋሻ ይገባል። በየአገሩ እንዲህ ከተፈናቀለው ዕቃ ከፊሉ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተመልሷል፤ ከፊሉ በቤተሰብ ሣጥን ውስጥ ቀርቷል፤ ከፊሉም ሲዞር ሲዞር አዲስ አበባ ፒያሳና ቸርችል ጎዳና ከሚገኙት የቅርሳ ቅርስ ሱቆች ደርሷል። ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ የታሪክ ብቻ ሳይሆን የሃይማኖትም ነው፦ የተቀደሰ ወይም ደም የፈሰሰበት ዕቃ ዋጋ ተቆርጦለት ሲሸጥ ገዢው ምን ገዛ? ሻጩስ የሸጠው የራሱን ነው?

የጦርነቱ ታሪክ ለጥያቄው መነሻ ስለሆነ በቅድሚያ ይነገር። ጎጃም ውስጥ ጠላትን እረፍት የነሡት አገሬው አርበኞች ነበሩ፤ በምዕራቡ በኩል ከታወቁት መካከል ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ይገኛሉ። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ሳንፎርድ የመራው የእንግሊዝ ልዑክ ከሱዳን ተነሥቶ ጎጃም ገባ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኡም ኢድላ በኩል ድንበሩን ተሻግረው በበላያ ተራራ አቋርጠው መጡ። አብሮ የመጣው ጦር አዛዥ ኦርድ ዊንጌት ነበር። ዊንጌት በመጽሐፍ ቅዱስ ታንጾ ያደገ መኮንን ስለነበረ ሠራዊቱን «የጌዴዎን ጦር» ብሎ ሰየመው፤ በእስራኤል መሳፍንት ዘመን 300 ሰው ብቻ ይዞ የምድያምን ሠራዊት በሌሊት የበተነውን መስፍን በማሰብ ነው። ስሙ ከሥራው ጋር የተስማማ ነበር። ከ2,000 የማይበልጥ የሱዳንና የኢትዮጵያ ወታደር ቡሬ ላይ መሽጎ የነበረውን በብዙ ሺህ የሚቆጠር የኮሎኔል ናታሌን ጦር በሌሊት ተኩስና በወሬ አሸበረው። ናታሌ የካቲት 25 ቀን ምሽጉን ለቆ ወጣ። ከሁለት ቀን በኋላ ደምበጫ አጠገብ ጫረቃ ወንዝ ላይ 2ኛው የኢትዮጵያ ባታሊዮን መንገዱን ዘግቶ ገጠመው፤ ጥቂቱ ባታሊዮን ብዙ ሰው ቢያጣም ጠላትንም ክፉኛ ጎዳው። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ ገቡ። ቀድሞ ወጀት ይባል የነበረው ከተማ ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስም ያገኘውም ከንጉሠ ነገሥቱ ነው።

በድል ትረካ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነገር አለ። ምሽጉ ውስጥ ከነበሩት ወታደሮች አብዛኞቹ ጣሊያኖች አልነበሩም፤ የቅኝ ግዛት ወታደሮችና ባንዳዎች ነበሩ። ደብረ ማርቆስ ላይም ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ከነሠራዊታቸው ከጠላት ጎን ቆመው ነበር። ስለዚህ በዚያ መንገድ ማተብ ያሰረ ሬሳ በሁለቱም ወገን ወድቋል። ከሟች አንገት የተፈታ መስቀልም የየትኛው ወገን እንደሆነ አይለይም።

የዚያ ጦርነት ነገር ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በማርትሬዛ ብር ላይ ነው። ከሱዳን በግመል ከተጫነው ስንቅና ጥይት ጋር በሣጥን የታሸገ ማርትሬዛ ይመጣ ነበር፤ የአርበኛው ደመወዝና የእህል መግዣ እርሱ ነው። ጣሊያንም በበኩሉ በ1935 እ.ኤ.አ. ከኦስትሪያ ማተሚያውን ወስዶ ሮም ላይ ይኸንኑ ብር ያትም ነበር። ብሩ የትም ይታተም የትም፣ በየትኛውም ዓመት ይውጣ፣ ፊቱ ላይ የሚነበበው ዓመት 1780 ነው። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን ከአንድ ሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ለአርበኛው የተከፈለውንና ለባንዳው የተከፈለውን ተራ ዓይን ለይቶ ሊያውቀው አይችልም።

ጦርነቱ ሲያበቃ ይኸው ብር አንጥረኛ ቤት ገባ። አንጥረኛው ማርትሬዛውን በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ አኑሮ ከሰሉን ከምሮበት ወናፉን ያናፋል። በብሩ ላይ የታተመችው ንግሥት መጀመሪያ ጠርዟ ይላላል፣ ቀጥሎ ፊቷ ይጠፋል፣ በመጨረሻ ብሩ ቀልጦ እንደ ውኃ ይሆናል። ከዚያ ይፈስሳል፣ ይቀጠቀጣል፣ በመሞረጃ ሐረግ ይወጣለታል፤ የአንገት መስቀል ይሆናል። ቄሱ ይባርከዋል፣ ሴቲቱ በጥቁር ማተብ ታንጠለጥለዋለች። ዛሬ በቅርሳ ቅርስ ሱቅ በጥቁር ጨርቅ ላይ ተደርድሮ የሚሸጠው አሮጌ የብር መስቀል ብዙው እንዲህ ከማርትሬዛ የተሠራ ነው። እንግዲህ በአንድ ቁራጭ ብር ውስጥ የወታደር ደመወዝ፣ የእምነት ምልክትና የሱቅ ሸቀጥ ተከታትለዋል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ የደም ዋጋ የሆነ ብር መስቀል መሆን ይችላል? መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ላይ አንድ ወጥ መልስ አይሰጥም። ይሁዳ የመለሰውን 30 ብር የካህናት አለቆች የደም ዋጋ ነው ብለው ወደ መባ ሣጥን አላገቡትም፤ የእንግዶች መቃብር ገዙበት። በኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 31 ደግሞ ከምድያም የተማረከው ወርቅና ብር በእሳት አልፎ እንዲነጻ ታዝዟል፤ እሳት የሚችለው ሁሉ በእሳት ይለፍ ተብሏል። የጎጃም አንጥረኛ ሕጉን አሰበውም አላሰበውም የፈጸመው ይህንኑ ነው። ሁለቱን ታሪኮች ያጣመረ ሰው የሚደርስበት መልስ አሳማኝ ነው፦ ኃጢአቱ ያለው በከፈለውና በተቀበለው እጅ እንጂ በማዕድኑ አይደለም። የካህናት አለቆቹ ከብሩ ሸሹ እንጂ ከሥራቸው አልሸሹም፤ ኢየሱስን አሳልፈው ከሰጡ በኋላ ለመባ ሣጥኑ ንጽሕና መጨነቃቸው ወንጌሉ ውስጥ እንደ ነቀፋ ተጽፎ ቀርቷል።

ነገር ግን ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሌላ ታሪክ አለ፤ የመጣውም ዊንጌት ስሙን ከተዋሰው ከጌዴዎን ነው። ጌዴዎን ከድል በኋላ የንግሥና ሐሳብ ሲቀርብለት እንቢ አለ፤ ከምርኮው ግን እያንዳንዱ የወርቅ ጉትቻውን እንዲሰጠው ለመነ። የተሰበሰበው ወርቅ 1,700 ሰቅል ሆነ። ከዚያ ኤፉድ ሠርቶ በከተማው በዖፍራ አኖረው፤ እስራኤልም ተከትለውት ሳቱ፣ ለጌዴዎንና ለቤቱም ወጥመድ ሆነ። ወርቁ በእሳት አልፏል፣ አሠሪውም መልካም ሰው ነበር። ስሕተቱ የድሉ መታሰቢያ አምልኮ መሆኑ ነው። ጦርነት ያፈራቸውን ዕቃዎች ሁሉ በእኩል ዓይን «ቅዱስ» ማለት ይህን አደጋ ያስከትላል። ስለዚህ የተቀደሰው ከተከበረው መለየት አለበት።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ታቦት፣ ንዋያተ ቅድሳትና ሥዕለ አድኅኖ ለአገልግሎት የሚለዩት በጸሎትና በሜሮን ነው። ከተለዩ በኋላ ሰው እንደ ገንዘቡ አያዝባቸውም፤ ገበዙም ዕቃ ቤቱን የሚይዘው እንደ ጠባቂ እንጂ እንደ ባለቤት አይደለም። የስእለት ነገርም እንዲሁ ነው። የተሳለው ከገባ በኋላ ተሳዩ ራሱ መልሶ ሊወስደው አይችልም። ማንኩሳን በመላው አገር ያስተዋወቀው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ በዛብህ በወላጆቹ ስእለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ልጅ በመሆኑ የራሱን ሕይወት እንኳ የራሴ ብሎ ለማዘዝ ሲታገል ይኖራል። ልብ ወለዱ ስእለቱ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ለአንባቢ ይተወዋል። የማይተወው ነገር ቢኖር ስእለት የሚያስረው ተሳዩን ብቻ ሳይሆን ከእርሱ በኋላ የሚመጣውንም መሆኑን ነው።

ታዲያ እንዲህ የተለየ ዕቃ ቢሰረቅ፣ ቢማረክ ወይም ቢሸጥ ቅድስናው ይጠፋል? ነቢዩ ዳንኤል የጻፈው መልስ ሰጪ ነው። ናቡከደነፆር የኢየሩሳሌምን መቅደስ ዕቃዎች ማርኮ በአምላኩ ግምጃ ቤት አኖራቸው። ዘመን አለፈ፣ ንጉሥ ተለወጠ፣ ብልጣሶር በግብዣው ላይ ጠጣባቸው፤ በዚያች ሌሊት ፍርድ በግድግዳው ላይ ተጻፈ። ዕቃዎቹ በባቢሎን ለብዙ ዓመታት ሲቀመጡ ማንም አልቀደሰባቸውም፣ ማንም አላጠነባቸውም፤ ሆኖም የእግዚአብሔር ከመሆን አላቋረጡም። ታቦተ ጽዮንም በፍልስጥኤም አገር 7 ወር ስትቀመጥ የማረካት ሁሉ አልተጠቀመባትም። ኋላ ቂሮስ የመቅደሱን ዕቃዎች ሲመልስ ግምጃ ቤት ጠባቂው ለይሁዳ መስፍን በቁጥር አስረከበ፤ መጽሐፈ ዕዝራ ድምሩን 5,400 ይለዋል። የተማረከ ዕቃ ሊመለስ የቻለው ምን እንደተወሰደ ስለሚታወቅ ነው።

ለዚህ ሐሳብ ከሁሉ የቀረበው የአገሬው ትውፊት ግን ከዐባይ ምንጭ ይገኛል። በሰከላ፣ ግሽ ዐባይ፣ ስለ አቡነ ዘርዐ ብሩክ እንዲህ ይተረካል፦ ወታደሮች ሊያስሯቸው በመጡ ጊዜ ጻድቁ መጻሕፍታቸውን ለወንዙ አደራ ሰጡ፤ ከዓመታት እስር በኋላ ተመልሰው ሲጠይቁ ውኃው ሳያርሳቸው መለሰላቸው። ትውፊቱን እንደ ተአምር የሚያምንም እንደ ምሳሌ የሚያየውም የሚስማማበት ነጥብ አለ። ወታደር በመጣ ጊዜ ዕቃ የሚያተርፈው ኃይል ሳይሆን አደራ ተቀባይ ነው። አደራ ተቀባዩም ውኃ ሆኖ እንኳ አልበላም። በአማርኛ «አደራ በላ» ከሚለው የከፋ ስድብ ጥቂት ነው፤ ሌባ የሰውን ገንዘብ ይወስዳል፣ አደራ በላ ግን እምነቱን ጭምር ይወስዳል።

የአርበኛ ጠመንጃና ሜዳልያ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ባለ አምስት ዘንባባ የአርበኝነት ሜዳልያ በሜሮን አልተቀባም፤ ምንሽርም ንዋየ ቅድሳት አይደለም። የልጅ ልጅ ቢሸጣቸው ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን አላፈረሰም። ቢሆንም ባለቤትነቱ ሙሉ ነው ለማለት አያስደፍርም። ሜዳልያው የተሰጠው ለአንድ ሰው ዱር ቤቴ ላለበት አምስት ዓመት ነው፤ እርሱ ከሞተ በኋላ ልጆቹ የሚወርሱት ናሱን እንጂ ሥራውን አይደለም። ሻጭ ናሱን ሲሸጥ፣ ገዢው በመስታወት ሣጥን የሚያኖረው የማን ጀግንነት እንደሆነ የማያውቀውን ምልክት ነው። ሰብሳቢ ስምና ቦታ ካልጠየቀ፣ ሻጭም ካልነገረ፣ የቡሬው አርበኛ ሜዳልያ ከማንኛውም ናስ አይለይም።

እዚህ ላይ ድህነትን ሳያነሡ መፍረድ ግፍ ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ብዙ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት መተዳደሪያቸውን አጡ፤ ካህኑ በሰበካው መዋጮና በእርሻው ብቻ ቀረ። ክረምት ጣራ ሲያፈስ፣ ልጅ ታሞ ሐኪም ቤት ሲጠይቅ፣ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ደግሞ የማይነበብ አሮጌ ብራና ተቀምጦ ሲታይ ፈተናው ከባድ ነው። የቤተ ክርስቲያን ታሪክም ለችግር የተከፈተ በር አለው። በ4ኛው መቶ ዓመት የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስዮስ ከአድሪያኖፕል ጦርነት በኋላ ምርኮኞችን ለመዋጀት የቤተ ክርስቲያኑን ንዋየ ቅድሳት አቅልጦ ሸጠ፤ ሲነቀፍም ከወርቅ ዕቃ የሰው ነፍስ መጠበቅ ይበልጣል ብሎ ተሟገተ። ክርክሩ ዛሬም ያሸንፋል። ነገር ግን አምብሮስዮስ ያደረገው በአደባባይ ነው፣ ገንዘቡ ለማን እንደገባ ይታወቃል፣ ዕቃውም ቀልጦ ብር ሆነ እንጂ በማንም ሳሎን ጌጥ አልሆነም። በሌሊት ከዕቃ ቤት ወጥቶ የሚሸጥ መስቀል ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱንም አያሟላም።

የገበያው ጉዞ ቀላል ነው። በመንደር «ልዋጭ» እያለ የሚዞረው ነጋዴ በፕላስቲክ ባልዲ አሮጌ ናስና ብር ይለውጣል። ከእርሱ ላይ ትንሽ ከፍ ያለ ዓይን ያለው ይገዛዋል። ከዚያ በኋላ ዕቃው አዲስ አበባ ነው። በየደረጃው ዋጋው ሲጨምር ታሪኩ ይቀንሳል፤ ሻጩ ከየት እንደመጣ ካወቀ ይጠየቃልና አለማወቁ ይጠቅመዋል። ብራናው ላይ የሚደርሰው ግን ከሁሉ የከፋ ነው። ሙሉ መጽሐፍ በአንድ ዋጋ ከሚሸጥ ሥዕል ያለባቸው ገጾች ተቆርጠው ለየብቻ ቢሸጡ ስለሚያተርፍ፣ አንድ ጸሐፊ ወራት የደከመበት ተአምረ ማርያም በፍሬም የተሰቀሉ ቅጠሎች ሆኖ ይበተናል። የባለቤቱ ስም፣ የሰጪው ኑዛዜ፣ «ይህን መጽሐፍ የሰረቀ የፋቀ» የሚለው ግዝት የተጻፈበት ገጽ ሥዕል ስለሌለው ይጣላል።

ለሰብሳቢዎች የሚቀርብ መከላከያ አለ፤ በቅንነት መመዘን ይገባዋል። በሣር ቤትና በጭስ፣ በምስጥና በአይጥ መካከል ከሚጠፋ በለንደን ወይም በፓሪስ መደርደሪያ ቢቀመጥ ይሻላል ይላሉ። እርግጥ ነው፣ በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙት የግእዝ ብራናዎች ተጠብቀው ቆይተዋል። ሆኖም መጠበቂያው መንገድ ማፍለስ ብቻ አይደለም። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን ፎቶ አንሥቶ መጻሕፍቱን ለየባለቤታቸው ተወ። ደግሞም ንዋየ ቅድሳት በመጠበቁ ብቻ ግዳጁን አይፈጽምም። ጽዋ የሚኖረው ሲቀደስበት ነው። የብሪቲሽ ሙዚየም ከመቅደላ በ1868 እ.ኤ.አ. ከተዘረፉት ታቦቶች ጋር የገባበት ጣጣ ይህን ያሳያል፦ ከካህናት በቀር ማንም እንዳያያቸው ብሎ በዝግ ክፍል አኑሯቸዋል፤ የራሱ ባለሙያዎች እንኳ አያዩአቸውም። ሊያሳየው፣ ሊያጠናው፣ ሊያገለግልበት የማይችለውን ነገር መያዝ ጥበቃ ሊባል አይችልም፤ የታቦትን ቅድስና አምኖ ታቦቱን አለመመለስ ነው።

መመለስ እንደሚቻል የታየባቸው ጊዜያት ጥቂት አይደሉም። በ1994 ዓ.ም. በኤድንበራ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘ የመቅደላ ታቦት ማንነቱን የተረዳ ቄስ ስለነበረ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ከላሊበላ በ1989 ዓ.ም. የተሰረቀው አፍሮ አይገባ መስቀል ቤልጅግ ውስጥ በአንድ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ መጣ። በኔዘርላንድ የሚኖረው ሲራክ አስፋው ከጨለቆት የተሰረቀውን የ18ኛው መቶ ዓመት ዘውድ በእንግዳ ሻንጣ ውስጥ ካየው ጀምሮ ለማን ማስረከብ እንደሚገባው እስኪያረጋግጥ ድረስ ከሃያ ዓመት በላይ ጠብቆ በ2012 ዓ.ም. ለአገሩ ሰጠ። ሲራክ ዘውዱን አልገዛውም፣ አልሸጠውም። የአደራ ትርጉም ለቸገረው የእርሱ ሥራ ይበቃዋል።

ሕጉም ከሃይማኖቱ ጋር አይጣላም። ቅርስን የሚመለከት አዋጅ በ1958 ዓ.ም. ወጥቷል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ደግሞ ቅርስ እንዲመዘገብና ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይደነግጋል። ችግሩ ከወረቀቱ ይልቅ ከዕቃ ቤቱ ነው። ያልተመዘገበ መስቀል ሲሰረቅ «የእኛ ነው» የሚል ሰው በምን ያረጋግጣል? ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ውጊያ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን ጨምሮ ምዕራብ ጎጃምን አዳርሷል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ የሚወጣ ዕቃ ደግሞ ምስክር የለውም።

ስለዚህ የሰበካ ጉባኤያትና ገበዞች የዕቃ ቤታቸውን ዝርዝር ይጻፉ፤ እያንዳንዱን መስቀል፣ ጽዋና ብራና በስልክ ፎቶ አንሥተው አንዱን ቅጂ በደብሩ፣ አንዱን በሀገረ ስብከቱ ያኑሩ። የአርበኛ ልጆች ሜዳልያውን ከመሸጣቸው በፊት የባለቤቱን ስም፣ የዘመተበትንና የወደቀበትን ቦታ ጽፈው አብረው ያስቀምጡ። ቅርሳ ቅርስ ሱቅ የገባ ገዢም ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ዕቃው ከየትኛው ደብር እንደወጣ ይጠይቅ፤ መልስ ካላገኘ ሳይገዛ ይውጣ።